የአሰልጣኙ ዋስ

አምባቸው መካነ ሰላም የገባ ዕለት መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። እንግዳ ሰው ከተማ ሲገባ ወይ ጠላ ቤት ይጠይቃል፣ ወይ ዘመድ ያፈላልጋል። እሱ ልብስ ሰፊ ጠየቀ። ያን ጊዜ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሠራው ጀብሪል ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር።

«ጥቁር መቀነት ይሰፉልኛል?» አለኝ።

«ለባለቤትዎ ነው?»

«ለራሴ ነው። ጥቁር በእኛ ሙያ የመጨረሻው ማዕረግ ነው።»

«ጥቁር ጨርቅ የለም። ዘንድሮና አምና ሁሉም ለሐዘን ሄዶ አለቀ። ሰማያዊ ግን አለ።»

ጨርቁን አየት አደረገና ትንሽ አሰበ። «ሰማያዊም ከፍ ያለ ነው» አለ።

ጀብሪል መደገፊያው ላይ ክርኑን ጥሎ ያዳምጥ ነበር። ጀብሪል እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ መርማሪ ነው፤ ስኳር ሲሸጥልህም የት እንደምትጠጣው ይጠይቅሃል።

«ወንድሜ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

«ሰው እጥላለሁ።»

«ያረቢ። ምን አድርጎህ?»

«ሥራዬ ነው። ባዶ እጅ መከላከል ይባላል። ባለ ጠመንጃ ቢመጣብኝ ጠመንጃውን ነጥቄ ለመንግሥት አስረክባለሁ።»

«ለየትኛው?»

«ላለው።»

ጀብሪል በመልሱ ረካ። ዓመተ ምሕረቱ ስድሳ ስምንት ነው፤ ከዚያ የተሻለ መልስ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። ማን እንዳስተማረው ሲጠይቀው ደግሞ «አንድ ኮሪያዊ» አለ። የት? ደብረ ዘይት። በማግስቱ ጠላ ቤት ስናገኘው ኮሪያዊው ያስተማረው ሐረር ነበር። በሦስተኛው ቀን አስመራ ሆነ። ብዙ የሚዞር ኮሪያዊ ነው ብለን ተውነው።

የእኛ አገር ሰው ሰውን የሚመዝንበት የራሱ መንገድ አለው። አንዱ አንገቱን አይቶ «ይህ አንገት ሥራ ያየ አንገት ነው» አለ። ሌላው ሲሄድ ወደ ኋላ አለማየቱን ወደደለት። ብዙው ሰው ደግሞ ባለመሳቁ አመነው። ሲታገል ያየው አልነበረም፤ ያንን የጠየቀም አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሆነበት ምክንያት ስንዴው ነው። ከደሴ የተላከልን የእርዳታ ስንዴ አቀስታ ላይ ተራግፎ ቆሟል። ዝናቡ መንገዱን ስለበላው መኪና ወደ እኛ አይመጣም፤ በአጋሰስ ሄዶ ማምጣት ነው። ከመሬት አዋጁ በኋላ የሸፈቱ ሰዎች ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ተቀምጠዋል። አንዴ የሄዱት ነጂዎች ባዶ በቅሎ እየነዱ ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ ከነጂዎቹ አንዱ አልተመለሰም።

ጠመንጃ አልነበረንም ማለት አይቻልም። ነበረን። ግን በወጣው መመሪያ መሠረት የከተማው መሣሪያ ተሰብስቦ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓዳ ውስጥ ተቆልፏል። ቁልፉ ከጓድ አራጌ ዘንድ ነው። መሣሪያው የሰፊው ሕዝብ ንብረት ስለሆነ ለሕዝብ አይሰጥም ነበር።

ጓድ አራጌ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናቸው። ቀድሞ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ወንበሩ ያው የድሮው ነው፤ ቀይ ቀለም ተቀባ እንጂ። አሮጊቶች ግራ ሲገባቸው «ጌታዬ ጓድ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አያርሙም።

ጓድ አራጌ አምባቸውን ባዩት ቀን ስንዴው የመጣ ያህል ደስ አላቸው። ከብት ተራው ሜዳ ላይ ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ ለስንዴው ጥበቃ የተመረጡትን ወጣቶች አሰለፉ። አምባቸው በሰማያዊ መቀነቱ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። በቅሎ ነጂውን መለሰን ጠራና ዱላ አስያዘው።

«ይህ ምንሽር ነው በል። አነጣጥርብኝ።»

መለሰ አነጣጠረ። አምባቸው ጮኸ፣ ዞረ፣ ዱላውን ያዘና ጎተተ። መለሰ ትንሽ ቆይቶ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተጋደመ። ሕዝቡ «ወይ ጉድ» አለ። ቀጥሎ ፈንታው ተጠራ። ፈንታው አንድ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ነው፤ እሱም ወደቀ። ሌሎቹም ተራ በተራ ወደቁ።

«አያችሁ» አሉ ጓድ አራጌ። «ጠመንጃ የፊውዳል ነው። እጅ ግን የሰፊው ሕዝብ ነው። ቅዳሜ ልጆቻችን ጠመንጃ ሳያስፈልጋቸው ወርደው ስንዴያችንን ያመጣሉ።»

አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ መቀነቱ የኔ ሥራ ነው።

ልምምዱ ሲቀጥል የኔ ገበያ ደራ። የጥበቃዎቹ ሱሪ መቀመጫው ላይ ይቀደዳል፣ ወደ እኔ ይመጣል። ሐሙስ ጧት የመለሰ ሚስት ሐረግ ሱሪውን ይዛ መጣች። መለሰ ሌላ ሱሪ ስለሌለው ጋቢ ተከናንቦ፣ እግሩን አጣጥፎ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ ንጉሡ፣ ይህን መቀመጫውን ይጣፉልኝ» አለችኝ።

«ማክሰኞ ጥፌው አልነበረም?»

«ትናንት ደግሞ ወደቀበት።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ፣ ይህ ሰውዬ እንዴት አድርጎ ነው ዘወትር የሚጥልህ?»

«ጥበብ ነው።»

«ያቺ ቡላ በቅሎ ደረትህን ረግጣህ አልወደቅህም እኮ።»

«በቅሎ ጥበብ የላትም። ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ማን አለ? ጋሼ ንጉሡ ነው።»

እኔ ሰው አለመሆኔን ከተማው ከተስማማበት ቆይቷል። መኪናዬን መርገጤን ቀጠልኩ። መለሰ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማንም እንዳትነግሪ። የምወድቀው በራሴ ነው።»

«በራሴ ማለት?»

«እንግዳ ሰው ነው፣ ሐረግ። አገር ላገር ዞሮ እኛ ዘንድ መጣ። ያን ያህል ሕዝብ ቆሞ እያየው ይጮኻል፣ ዱላውን ይጎትታል፣ ይጎትታል፤ ዱላው አልሄድ ይለዋል። ፊቱ ሲለዋወጥ ብታዪው። ይሉኝታ ያዘኝና ወደቅኩለት።»

«በመጀመሪያው ቀን ይሁን። ከዚያ ወዲያስ?»

«አንዴ ወድቄ ሳበቃ በማግስቱ ብቆም ተንኮለኛ አልመስልም?»

ሐረግ በጣም ቀስ ብላ «ቅዳሜስ» አለች፤ «ባለ ጠመንጃው ሰውዬ ይሉኝታ ይዞት ይወድቅልሃል?»

መለሰ ጋቢውን ወደ ጉልበቱ ሳበ። «በራሴ የምወድቀው እኔ ነኝ እንጂ ሌሎቹን በእውነት ነው የሚጥላቸው። ፈንታውን አላየሽም? ፈንታው ለሰው ብሎ የሚወድቅ ሰው ነው? ጥበቡስ አለ፤ እኔ ላይ አልሠራ አለ እንጂ።»

ይህን ሲል የፈንታው ሚስት ብዙዬ የባሏን ሱሪ በብብቷ ይዛ ደረሰች። እሱም መቀመጫው ተቀዷል።

«ብዙዬ» አለቻት ሐረግ፤ «ፈንታው እንዴት ነው የሚወድቀው?»

ብዙዬ መለሰን በአይኗ ጠቆመች። «ይኼ ባለበት ልናገር?»

«ተናገሪ። እሱ ተናግሮ ጨርሷል።»

«የኔው እንኳ ርቦት ነው። መሬት ላይ ሲጋደም ትንሽ ያርፋል። ተነሥቶ ከመሮጥ ይሻላል አለኝ። ሰውዬው ሲነካው ምክንያት አገኘ፣ ተኛ። መለሰን ግን በእውነት ነው የሚዘርረው፤ ሲወድቅ ያስፈራል ብሎ ነግሮኛል።»

መለሰ ጋቢውን ራሱ ላይ አጠለቀ።

እስከ ቀትር ድረስ ምንጭ የወረደች ሴት ሁሉ የባሏን አወዳደቅ ተናገረች። አንዱ የወደቀው ጓድ አራጌ እያዩት ስለነበር ነው። ሌላው የወደቀው ፊተኛው ስለወደቀ ነው። አንዱ ደግሞ ጩኸቱ አስደንግጦት ነው፤ እሱ እንኳ ከጥበቡ ጋር ትንሽ ዝምድና አለው። ሁሉም በራሱ ይወድቃል፤ ሁሉም ጎረቤቱ በጥበብ የተጣለ ይመስለዋል።

«እንግዲያው አልሄድም በል» አለችው ሐረግ ሱሪውን ሊወስዱ ሲመጡ።

«ሰው ሁሉ እየሄደ እኔ ልቅር? ምን ይሉኛል?»

«ሽፍታ ሳይሆን ይሉኝታ ሊገድልህ ነው።»

«ለጓድ አራጌ ምን እላቸዋለሁ? ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሰውዬውን በሰው ፊት ላዋርደው?»

ሐረግ ከሴት ተነግሮ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ወንዶቹ ደግሞ አይናገሩም። ሱሪውን ተቀብላኝ ሄደች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ነበር።

ጓድ አራጌ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ስንዴውና ስለ ባዶ እጅ ረዘም አድርገው ተናገሩ። «ጥያቄ ካለ» አሉ በመጨረሻ፤ ይህን የሚሉት ጥያቄ እንደማይኖር ስለሚያውቁ ነው። ሐረግ ተነሣች።

«ጋሼ አራጌ፣ አጥቢያ ዳኛ በነበሩ ጊዜ አባቴ በቅሎ ሊሸጥ ሲመጣ ዋስ ጥራ አሉት።»

«ልክ ነው» አሉ። «የተሰረቀች ብትሆንስ?»

«ከውርንጭላነቷ ያሳደግናት በቅሎ ናት። አገር ያውቃታል።»

«ብትሆንም። ሕግ ሕግ ነው።»

«እኔም መንገድ ሥራ ድንጋይ ልሸከም ስቀጠር ዋስ ጥሪ ተባልኩ።»

«አሠራር ነው።»

«ታዲያ የዚህ ሰው ዋሱ ማን ነው?»

ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ። ኮሪያዊው ሦስት ከተማ ሲዞር አልነቃም፤ ሰማያዊው መቀነት አላነቃውም። ዋስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን እርስ በርሱ ተያየ። በቅሎ ያለ ዋስ አይሸጥ፣ ቤት ያለ ዋስ አይከራይ፤ ይህን ሁሉ ወንድ ይዞ ወደ ጠመንጃ የሚወርድ ሰው ያለ ዋስ መኖሩ ነውር ሆኖ ታየው።

አምባቸው ደረቱን ነፋ አደረገ። «ጥበቤ ነው ዋሴ።»

አያ ክንፈ የሚባሉ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ጥበብ ርስት የለውም» አሉ። «ብትጠፋ ምኑን እንይዘዋለን? ሰው ጥራ።»

አምባቸው ሰው የለውም። ጓድ አራጌ ነገሩ ሲራዘም ሰለቻቸውና «በቃ፣ እኔ ዋስ ነኝ። ይጻፍ» አሉ።

ሐረግ አልተቀመጠችም። «የምን ዋስ?»

«የጠባይ።»

«ጠባዩስ ደኅና ነው። ባሎቻችን ቅዳሜ የሚወርዱት ግን በጠባዩ አይደለም። የአካል ዋስ ይሁኑ።»

የአካል ዋስ ማለት በሰውየው ቦታ የሚቆም ማለት ነው፤ ሰውየው ቢጎድል ዋሱ በገዛ አካሉ ይተካል። ጓድ አራጌ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲያስጠሩ ኖረዋል።

«እንግዲህ» አሉ አያ ክንፈ፤ «የሰውዬው ጥበብ ባይሠራ ጠመንጃውን ፊት ለፊት የሚቀበለው ዋሱ ነው። ከሰልፉ ፊት መሄድ አለበት። ድሮም እንዲህ ነው።»

ጓድ አራጌ አፋቸውን ከፈቱ። «አይ» ማለት ይችሉ ነበር። ግን ያን ያህል ሕዝብ ቆሞ እያየ፣ እኔ ዋስ ነኝ ብለው ካፋቸው ካወጡ በኋላ፣ እሳቸውንም ይሉኝታ ያዛቸው። «ይሁን» አሉ። ሕዝቡ ሳይታዘዝ አጨበጨበ።

አርብ ጎሕ ሲቀድ ሱቁ ሳይከፈት ጓድ አራጌን በረንዳው ላይ አገኘኋቸው።

«ንጉሡ፣ ይህ ሰውዬ መቀነቱን ሊያሰፋ ሲመጣ ምን ምን አለህ?»

ነገርኳቸው።

«ሰማያዊም ከፍ ያለ ነው አለ?»

«አዎን።»

«መጀመሪያ ጥቁሩን ነው የጠየቀው?»

«ጥቁሩን ነው።»

ወዲያው ጀብሪልን ቀስቅሰው የኮሪያዊውን መንገድ ጠየቁ፤ ደብረ ዘይት ነው ሐረር? ቁመቱስ ምን ያህል ነበር? አማርኛ ያውቅ ነበር? ጀብሪል «አብሽሩ ጓድ፤ እርስዎ ዋስ የሆኑት ሰው እኮ ነው» አላቸው። ይህ አላጽናናቸውም።

ረፋዱ ላይ ከብት ተራው ሜዳ ሰው ሞላ። ጓድ አራጌ የራሳቸውን ምንሽር ይዘው መጡ። ጥይቱን አውጥተው ለሕዝቡ አሳዩ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ አፈሙዙን ወደ አምባቸው አዞሩ።

«ንጠቀኝ» አሉት።

አምባቸው ዞር ዞር ብሎ ሰው ፈለገ። «በመለሰ ባሳይ ይሻላል።»

«መለሰ ዋስ አይደለም።»

አምባቸው ጮኸ። ዞረ። አፈሙዙን ያዘና ጎተተ። ጓድ አራጌ አልወደቁም። ሰው የገዛ ጠመንጃውን እንዴት እንደሚይዝ ያየ ያውቃል፤ ዋስ ሲሆን ደግሞ አንድ እጅ ይጨምራል። ሁለቱም ጠመንጃውን ይዘው መዞር ጀመሩ፤ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዴ ወደ መስጊዱ፣ እንደ ገና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። መቀነቱ ተፈታ። እኔ ከፊት ስለነበርኩ የሚንሾካሾኩትን እሰማለሁ።

«ጓድ፣ ይልቀቁልኝ እንጂ።»

«ሽፍታው ይለቅልሃል?»

«እሺ ትንሽ ወደ ግራ ያዘንብሉልኝ። የቀረውን እኔ አደርገዋለሁ።»

«አላዘነብልም።»

አምባቸው በመጨረሻ አፈሙዙን ለቀቀና መሬት ላይ ቁጭ አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ የሚያስቅ አልነበረም። ያፈረ አይመስልም፤ የተገረመ ይመስላል።

«ሌሎቹ ይወድቁ ነበር እኮ» አለ።

ጥበቃዎቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ፤ ጫማ የሌላቸውም እግራቸውን።

«ኩታበር ወደቁልኝ። ከላላ ወደቁልኝ። አንድ የከላላ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተገለባበጠ። ታዲያ እኔ ምን ልበል?»

«ኮሪያዊውስ?» አለ ጀብሪል።

«ደሴ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ስቀድ ነው ያየሁት። ጃፓንም ሊሆን ይችላል።»

መለሰ ሄዶ እጁን ይዞ አነሣው፤ አቧራውንም አራገፈለት። ሐረግ ይህን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

ጓድ አራጌ ምንሽራቸውን ታቅፈው ወደ ቁልቁለቱ በኩል ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ዋስትናው ከላያቸው አልወረደም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመሣሪያውን ጉዳይ» አሉ፤ «ኮሚቴው ከጊዜው ሁኔታ አንጻር እንደገና ሊያየው ይገባል።»

ኮሚቴው ከምሳ በፊት አየው። ጓዳው ተከፈተ። ከጠበቅነው በላይ ጠመንጃ ወጣ፤ አንዳንዱን ባለቤቱ ረስቶት ነበር። ለመለሰ አንድ አልቤን ጠመንጃ ደረሰው፤ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ቅባት ሲቀባው ዋለ። አምባቸው ወደ መጣበት ልሂድ ቢል ጓድ አራጌ አልፈቀዱም፤ ዋስ የሆኑለት ሰው ነውና ከዓይናቸው እንዲርቅ አልፈለጉም። አንዲት በቅሎ ሰጡት፤ ሰማያዊው መቀነትም መጫኛ ሆነ።

ቅዳሜ ጧት ወረዱ። ሐረግ እስኪመለሱ ድረስ በየቀኑ መጥታ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠች። የምታሰፋው ነገር አልነበራትም። በመንገዱ ዳር ሌሎችም ተቀምጠዋል፤ ከገጠር የወጡ፣ ስንዴውን እንጂ ሰዎቹን የማያውቁ። ጀብሪል እንኳ ጥያቄ አቆመ።

ስንዴው መጣ። በቅሎዎቹ ሁሉ ተጭነው መጡ። ሽፍቶቹ ከገደሉ ላይ ሆነው ሰልፉን ሲያዩት ከበቅሎ ይልቅ ጠመንጃው በዛባቸው። አንደኛው ተነሥቶ እንደ ማንኛውም መንገደኛ «እንደምን ዋላችሁ» አለ። ጓድ አራጌ ከፊት ሆነው፣ የማርያም ጠበል ጠጪ ክርስቲያን ሆነው ሳሉ፣ ከድንጋጤ በቀጭን ድምፅ «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሌላ ነገር አልተባለም፤ አለፉ።

መለሰ ከሰልፉ መጨረሻ እያነከሰ መጣ። ሐረግ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

«ተመታህ?»

«አልተመታሁም።»

«ታዲያ እግርህ?»

«ምንም አይደለም። ስንመለስ ሳይሆን እዚያው አቀስታ ነው።»

በረንዳው ላይ አስቀምጣው ቁርጭምጭሚቱን አየች። አብጧል።

«ስንዴው እስኪመዘን ተቀምጠን» አለ፤ «አንድ የከላላ ሰው አምባቸውን አወቀው። ይኼ እኮ ሰው የሚጥለው ነው ብሎ ገበያተኛውን ሰበሰበበት። እሱ አልችልም አለ፣ ተዉኝ አለ። አልተዉትም። ያን ሁሉ ሰው መሐል ሆኖ በቅሎዋን ይዞ ሲቆም ብታዪው፣ ሐረግ።»

«ወደቅህለት።»

«ምን ላድርግ? ድንጋይ መኖሩን አላየሁም።»

ሐረግ ቤት ሄዳ ጋቢውን አመጣች፤ ተከናነበ። ሱሪውን ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ። መቀመጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀዷል። ጥቁር ጨርቅ አሁንም አልመጣም ነበር፤ በሰማያዊ ጣፍኩት።